ነጩ ወይን ለምን ወደቀ? የደቡብ ፈረንሳይን ወይን ቀምሶ ነጥብ ስለመስጠት

ጥያቄ፦ እኔና አምስት ጓደኞቼ የምንኖረው ሊዮን ነው። በየወሩ እየተሰባሰብን ወይን እንቀምሳለን፤ ከ20 ነጥብ እየሰጠንም እንመዘግባለን። በሐምሌ ተራው የደቡብ ፈረንሳይ ነበር። ሦስት ቀይና ሦስት ነጭ ገዛን። ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን ከቀዩ ጀመርን። ነጩን ለመጨረሻ ከፍሪጅ አወጣነው። አማካይ ነጥባችን እንዲህ ሆነ፦ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ 17.5፣ ፒክ ሳን ሉ 15፣ ባንዶል 11። ከነጮቹ ላ ክላፕ 12፣ ካሲስ 12፣ ፒክፑል ደ ፒኔ 9። ባንዶሉ አፋችንን አደረቀው። ፒክፑሉን አንዱ ጓደኛችን «ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ» አለው። ፒክ ሳን ሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ አንዱ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል ሲል፣ ሌላዋ ምንም የለውም ትላለች። ነጭ ወይን በተፈጥሮው ከቀይ ያንሳል ወይስ እኛ መቅመስ አንችልም? ከስድስቱስ ለዶሮ ወጥ የትኛው ይሄዳል?

መልስ፦ ነጭ ወይን ከቀይ አያንስም። የእናንተም ምላስ ደህና ነው። ነገሩን ያበላሸው አካሄዱ ነው፤ እንዴት እንደተበላሸም ራስዎ ጥያቄዎ ውስጥ ጽፈውታል። ምሳ፣ ቡና፣ ሐምሌ፣ ቀዩ መጀመሪያ፣ ነጩ ከፍሪጅ ቀጥታ። በዚህ አኳኋን የዓለም ምርጥ ቀማሽ ቢቀመጥም ፒክፑሉን መጣሉ አይቀርም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አካባቢው አንድ ነገር ልበል። የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ከሮን ወንዝ ደቡባዊ ክፍል ጀምሮ፣ በፕሮቫንስና በላንግዶክ በኩል፣ የስፔን ድንበር ላይ እስካለው ሩሲዮን ድረስ የወይን ፍሬ እንዲበስል ማድረግ ችግር አይደለም። ፀሐይ ሞልቷል። በጋው ደረቅ ነው። ሚስትራልና ትራሞንታን የሚባሉ ብርቱ ነፋሶች አሉ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቅጠሉን ቶሎ ያደርቁታል፣ ሻጋታም እንዳይዝ ይረዳሉ። ፍሬው በደንብ ይበስላል። ስኳሩ ይበዛል። ስኳሩ ሲፈላ አልኮል ይሆናል። በዚያ አገር 14 ተኩል ወይም 15 በመቶ የሚል ጠርሙስ ማየት ብርቅ አይደለም።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ሙቀት የፍሬውን አሲድ ይቀንሰዋል። አሲድ ማለት ወይኑን ሲጎነጩ ከጉንጭዎ ውስጥ ምራቅ የሚጠራው ነገር ነው። እሱ ከሌለ ወይኑ ይከብዳል፣ ይተኛል። የመጀመሪያው ጉንጭ ደስ ይላል፤ ግማሽ ብርጭቆ ላይ ሲደርሱ ይሰለቻል።

ስለዚህ የደቡብ ወይን ስመዝን «ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ብዬ አልጠይቅም። ጥንካሬውን ፀሐይ በነጻ ሰጥታዋለች። የምጠይቀው «ይህ ሁሉ ፀሐይ እያለ ንቃቱን እንዴት ጠበቀ?» ብዬ ነው። አንዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይተክላል። አንዱ የባሕር ነፋስ ያገኛል። አንዱ ሳይዘገይ ይለቅማል። አንዱ ደግሞ በሙቀት ውስጥም አሲዱን የማይለቅ የወይን ዘር ይመርጣል። ከፍ ያለ ነጥብ የሚገባው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ነጥቡን ለጥንካሬ ሰጣችሁት፤ አንደኛ የወጣው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ፣ መጨረሻ የወጣው ፒክፑል መሆኑ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ቡና ከተባለ ዕጣንም ነበረ ብዬ እገምታለሁ። የዕጣን ሽታ መስኮት ቢከፈትም መጋረጃና ልብስ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። የወይን ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው በአፍንጫ ነው የሚሠራው። አፍንጫ ደግሞ አንድ ጠንካራ ሽታ ውስጥ ሲቆይ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ስስ የሆነውን አይለይም። የነጭ ወይን ሽታ ስስ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጎዳው ነጩ ነው። ምሳው ላይ በርበሬ ከነበረ ምላስም ተቃጥሏል። የቡናው ምሬትም ገና አፍ ውስጥ አለ። ቅምሻው ረፋድ ላይ ይሁን፤ ሰው ሳይርበው፣ ግን ሳይጠግብ። ቡናውና ዕጣኑ ከሥራው በኋላ ይድረሱ። ሽቶ የተቀባ ሰው ካለም በሌላ ቀን ይቀባ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ነጩ ከፍሪጅ ሲወጣ 4 ወይም 5 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ሽታው አይነሳም፤ የሚሰማው አሲዱ ብቻ ነው። «ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ» የተባለውም ለዚህ ነው። ቀዩ ደግሞ በሐምሌ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ነበር። ሊዮን በሐምሌ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። ቀይ ወይን 25 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አልኮሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ወይኑ ልፍስፍስ ይላል፣ ለመጀመሪያ ጉንጭ ግን ጣፋጭ ይመስላል። «በክፍል ሙቀት» የሚባለው ምክር የወጣው ማሞቂያ በሌለበት ዘመን፣ ክፍሉ ራሱ 17 ዲግሪ በነበረበት ጊዜ ነው።

እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ፒክፑልን 9 ወይም 10 ዲግሪ ላይ፣ እንደ ላ ክላፕና ካሲስ ያሉ ሞላ ያሉ ነጮችን 12 ላይ፣ ቀዮቹን 16 ወይም 17 ላይ። ቴርሞሜትር ከሌለ ነጩን ከመቅመስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከፍሪጅ ማውጣት፣ ቀዩን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ቀይ ወይን ፍሪጅ ሲገባ ይደነግጣል። በበጋ ግን ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ከሁሉም በላይ የጎዳችሁም እሱ ይመስለኛል። ቀይ ወይን ከልጣጩና ከፍሬው ዘር የሚወጣ ታኒን አለው። ታኒን ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ አፍን የሚያለሰልሰውን ነገር ይወስደዋል። አፍ የሚደርቀው፣ ምላስ የሚሻክረው በዚህ ነው። ሦስት ቀይ ከተከታተለ በኋላ፣ ያውም ባንዶል ካለበት፣ አፋችሁ ለነጭ ወይን ዝግጁ አይደለም። ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከወጣት ወደ ቆየ ነው የሚኬደው። ቡርጎኝ ውስጥ ቀዩን አስቀድመው የሚያስቀምሱ ሠሪዎች አሉ፤ የእነሱ ቀይ ግን ስስ ነው። በደቡብ ቀይ ይህን መሞከር አያዋጣም።

አሁን አንድ በአንድ እንይ።

ፒክፑል ደ ፒኔ ከላንግዶክ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ሴት (Sète) ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለው የቶ ሐይቅ ዳር። ሐይቁ ጨዋማ ነው፤ ኦይስተር የሚባል ዛጎል ያለው የባሕር ምግብ ይረባበታል። በ2013 የራሱን የአፔላሲዮን ስም፣ ማለትም በሕግ የተጠበቀ የወይን አካባቢ ስም፣ አገኘ፤ የሚሠራውም ነጭ ብቻ፣ ከአንድ የወይን ዘር ብቻ ነው። ያ ዘር ከላይ ያልኩትን ነገር የሚያደርግ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት አሲዱን ይይዛል። በርሜል ብዙም አያስፈልገውም። ወጣትነቱ ላይ ይጠጣል። ሥራው አፍ ማጠብ፣ ምራቅ መጥራት፣ ከባሕር ምግብ ጋር መሄድ ነው።

እንዲህ ያለውን ወይን «ለምን ወፍራም አልሆነም?» ብሎ መቅጣት ተገቢ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሥራውን በሚገባ መሥራቱ ነው። ሲቀምሱት ሎሚው ባዶ ሎሚ ነው ወይስ ከኋላው ኮክ፣ ነጭ አበባ፣ ትንሽ ጨው ይመጣል? ከተፉት በኋላ ቶሎ ይጠፋል ወይስ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል? ሎሚ ብቻ ከሆነ 11 ይበቃዋል። ጨዋማው ነገር ካለ፣ ከቆየም፣ ለእኔ 14 ነው፤ በጣም ጥሩው 15 ይደርሳል። ከዚያ በላይ አልሰጠውም። ምክንያቱም ነጥቡ ንጽሕናን ብቻ ሳይሆን ጥልቀትንም ይቆጥራል፤ ፒክፑል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥልቅ ለመሆን የተሠራ ወይን አይደለም። 9 ግን የታመመ ወይን ነጥብ ነው።

ላ ክላፕ የናርቦን ከተማና ሜዲትራኒያን መካከል ያለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ነው። በሮማውያን ዘመን ደሴት ነበር። ነጩ በአብዛኛው ቡርቡላንክ ከሚባል ዘግይቶ ከሚበስል ዘር ነው የሚሠራው። በ12 ዲግሪ ሲቀምሱት እንስላል፣ ሰም፣ የባሕር ሽታ ሊያገኙበት ይችላሉ። ካሲስ ደግሞ ማርሴይ አጠገብ ነው። ከፈረንሳይ የመጀመሪያዎቹ አፔላሲዮኖች አንዱ ነው፤ በ1936 ታወቀ። አካባቢው ሁሉ በሮዜ፣ ማለትም ሮዝ ቀለም ባለው ወይን፣ ሲታወቅ እሱ በነጭ ነው ስም ያተረፈው። ማርሳንና ክሌሬት የሚባሉት ዘሮች ይበዙበታል፤ ለስለስ ያለ፣ አሲዱ የማይጮህ ወይን ነው። ሁለቱንም እኩል 12 መስጠታችሁ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ በቅዝቃዜ ምክንያት ልዩነታቸው አልታያችሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ትንሽ ሞቅ ብለው ድገሟቸው። አንዱ ጨውና ቅጠል፣ ሌላው የበሰለ ፍሬና ማር መሰል መሆኑ ያኔ ይገባችኋል።

ባንዶልን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ። 11 አይገባውም ነበር። ባንዶል በማርሴይና በቱሎን መካከል፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያዩ እርከኖች ላይ ይበቅላል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ቀዩ ቢያንስ ግማሹ ሙርቬድር የሚባለው ዘር መሆን አለበት፣ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 18 ወር እንጨት ውስጥ ይቆያል። ሙርቬድር ዘግይቶ ይበስላል፤ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ታኒኑ ብዙ ነው። ወጣት ባንዶል የተዘጋ በር ነው። አፍ ማድረቁ ጉድለት አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ስምንት ወይም አሥር ዓመት ሲሆነው ቆዳ፣ ጥቁር ፍሬ፣ የደረቀ ቅጠል እያለ ይከፈታል።

ታዲያ ወጣቱን እንዴት ነው የምንመዝነው? ሦስት ነገር ይፈልጉ። ከታኒኑ ኋላ ፍሬ አለ? አሲድ አለ? ታኒኑስ ደቃቅ ነው ወይስ እንደ አሸዋ ይቧጥጣል? ፍሬ ከሌለ ዓመታት ቢያልፉም ፍሬ አይመጣም። ፍሬው ካለና ታኒኑ ደቃቅ ከሆነ ወይኑ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ለእንዲህ ያለ ወይን ሁለት ቁጥር እጽፋለሁ፤ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ከዓመታት በኋላ ይደርስበታል ብዬ ለማስበው። «ዛሬ 13፣ ወደፊት 17» ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለውም። ለመቅመስ ደግሞ ጠርሙሱን ከሦስት ሰዓት በፊት ከፍታችሁ ወደ ሰፊ ማሰሮ ወይም ጆግ ገልብጡት። ቡሹን ብቻ ነቅሎ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ በጠርሙሱ ጠባብ አንገት የሚገባው አየር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሻቶኔፍ ዱ ፓፕን 17.5 ስትሰጡት ጠርሙሱን እያያችሁ ነበር። ስሙ ትልቅ ነው፤ ታሪኩም እንደዚያው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃነ ጳጳሳቱ አቪኞን በተቀመጡበት ዘመን ቤተ መንግሥት የሠሩበት መንደር ነው። በ1936 አፔላሲዮን ሆነ። ደንቡ 13 የወይን ዘሮች ይፈቅዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግሬናሽ የሚባለው ዘር ነው። ብዙዎቹ እርሻዎች ትልልቅ ክብ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ናቸው፤ ድንጋዩ ቀን የወሰደውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ግሬናሽ ስኳሩ ቶሎ የሚከማች ዘር ነው። ውጤቱ 15 በመቶ የሚደርስ፣ ሞቅ ያለ፣ የበሰለ እንጆሪና ዘቢብ የሚሸት ወይን ነው። «ጣፋጭ ነው» የሚያሰኘው ስኳር ሳይሆን አብዛኛው አልኮሉና ብስለቱ ነው።

እውነተኛው ፈተና እዚህ ነው። በ16 ዲግሪ ቅመሱት። ትፉት። ከዚያ ጠብቁ። ጉሮሮ ላይ የቀረው ቃጠሎ ነው ወይስ ጣዕም? ቃጠሎ ከሆነ 14 ነው፤ ዋጋው ስንትም ይሁን። ጣዕሙ ቃጠሎውን ከሸፈነው፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል እያለ ከቆየ፣ ያኔ 17 እና ከዚያ በላይ ይገባዋል። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ያልኩት ለማሳመር አይደለም። የደቡብ ፈረንሳይ ኮረብታዎች ጋሪግ በሚባል ቁጥቋጦ የተሸፈኑ ናቸው፤ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደር በየድንጋዩ ሥር ይበቅላል። ያ ሽታ በቀዩ ወይን ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። የፈረንሳይ መጻሕፍት ላይ ያሉትን የማታውቋቸውን ፍሬዎች ስም መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። እናታችሁ ጓዳ ውስጥ የሸተታችሁትን ጻፉ።

ፒክ ሳን ሉ ከሞንፔሊዬ በስተ ሰሜን፣ 658 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ሥር ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለዚህም ነው ሲራ የሚባለው ዘር እዚያ ንቃቱን የሚጠብቀው። በ2017 ከላንግዶክ ስም ተላቆ በራሱ ስም ታወቀ። 15 ነጥባችሁን እቀበላለሁ፤ ለእኔም ከስድስቱ ለዋጋው ምርጡ እንዲህ ያለው ነው።

የቁንዶ በርበሬው ክርክር ግን አንዳችሁም አልተሳሳታችሁም። ሲራ ውስጥ ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቁንዶ በርበሬን ቁንዶ በርበሬ የሚያሰኘው ራሱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2008 ነው ይህን ያሳወቁት። በሙከራቸው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ፣ መጠኑ ቢጨመርለትም፣ ጨርሶ አልሸተተውም። ጓደኛዎ ከእነዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች። አፍንጫዋ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ያንን አንድ ነገር ነው የማትሸተው። እሷ ሌላ የማይሸታችሁን ነገር ትሸት ይሆናል። ስለዚህ በቅምሻ ላይ «የለም፣ አይሸትም» የሚባል ቃል ይቅር። «እኔ አላገኘሁትም» ይበቃል።

አሁን ስለ ነጥብ አሰጣጡ። በመጀመሪያ ጠርሙሱ መሸፈን አለበት። ፎይል ጠቅልሉበት፣ አንገቱንም ጨምራችሁ፤ ቁጥር ጻፉበት። የሚቀዳው ሰው ሌላ ይሁን። ይህ ለባለሙያም ነው፤ እንዲያውም ለባለሙያ ይብሳል። በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት ላይ 54 የወይን ሥራ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም የቀይ ወይን ሽታዎችን ይዘረዝሩ ጀመር። ዓይን አፍንጫን ይመራል። ያየነው ስም፣ ዋጋና ቀለም ነጥቡን ሳናውቀው ይጽፈዋል።

ለላንግዶክ ይህ በተለይ ፍትሕ ነው። ያ አገር ለረጅም ጊዜ በርካሽና በብዛት በሚጠጣ ቀይ ወይን ነበር የሚታወቀው። ዋጋው ወድቆ በ1907 ገበሬዎቹ አመፁ፤ በሰኔው የሞንፔሊዬ ሰልፍ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደወጣ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። መጥፎው ግንድ ተነቅሏል፣ ኮረብታው ላይ ተተክሏል፣ ጎበዝ ሠሪ መጥቷል። የድሮው ስም ግን በሰው ጭንቅላት ውስጥ ዛሬም አለ። ፎይሉ ያንን ይሸፍነዋል።

እኔ 20ውን የምከፋፍለው እንዲህ ነው። ለመልክ 2 ብቻ። ወይኑ ከጠራና ጤናማ ከሆነ ሁለቱን አገኘ። የቀይ መድመቅ ነጥብ አያስገኝም፤ ግሬናሽ በተፈጥሮው ሳሳ ያለ ቀለም ነው ያለው። ከታች አተላ ቢኖርም ወይኑ አልተበላሸም። ለሽታ 5። መጀመሪያ ሳትነቀንቁ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አዙራችሁ አሽትቱ። ለአፍ 8፤ ትልቁ ድርሻ ይህ ነው። ቡና ቀማሽ ፉት እንደሚለው ከአየር ጋር ሳቡት፤ ድምፅ ቢያሰማም ግድ የለም። አሲዱ፣ አልኮሉ፣ ታኒኑና ፍሬው ተስማምተዋል ወይስ አንዱ ሌላውን ይጫናል? ለቆይታ 3። ከተፉት በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ፈረንሳዮች ለዚህ መለኪያ አላቸው፤ አንድ ሰከንድ አንድ ኮዳሊ ይባላል። ሦስት አራት ሰከንድ ከሆነ ተራ ወይን ነው፤ አሥርን ካለፈ ጆሯችሁን አቁሙ። የቀረው 2 ወይኑ የአገሩን ባሕርይ ስለማሳየቱ ነው፤ ይህን የምሰጠው ፎይሉ ከተነሳ በኋላ ነው፤ የቀረውን ግን አልነካውም።

የቁጥሩ ትርጉምም አንድ ይሁንላችሁ። ለእኔ 12 ጤናማ ግን የማይታወስ ወይን ነው። 14 ደግሜ የምገዛው። 16 ለእንግዳ የማቀርበው። 18 ሌሊት የማስበው። ስድስታችሁ ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁበት አማካዩ ምንም አይነግራችሁም፤ የአንዱ 13 ከሌላው 16 ጋር እኩል ሊሆን ይችላልና። ደግሞ ሁሉም ሰው ቁጥሩን ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር። «ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ» የሚል ቀልድ ቀድሞ ከወጣ የአምስት ሰው ነጥብ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካደረጋችሁት ብዙ ትማሩበታላችሁ። ከስድስቱ አንዱን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ቁጥር ቅዱ፤ ከቀጂው በቀር ማንም አይወቅ። ሮበርት ሆጅሰን የሚባል አሜሪካዊ የወይን ሠሪና ጡረተኛ ፕሮፌሰር በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ያደረገው ይህን ነው። ለዳኞቹ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ሦስት ጊዜ ሳያውቁት አቀረበላቸው። በ2008 ባወጣው ጽሑፍ፣ ነጥባቸው ሳይዋዥቅ የቀጠለው ከአሥር ዳኞች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። እናንተም የአንዱን ወይን ሁለት ነጥብ አስተያዩ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ከሆነ በጣም ጥሩ ናችሁ። ሦስት ከሆነ ደግሞ በሁለት ወይኖች መካከል ባለ የግማሽ ነጥብ ልዩነት መከራከሩ ጊዜ ማባከን ነው።

መትፋትን በተመለከተ፣ በእኛ ዘንድ በሰው ፊት፣ ያውም ማዕድ ላይ መትፋት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስድስት ወይን እየዋጡ የሚመዝን ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ የሚመዝነው ስሜቱን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የማያሳይ ኩባያ ስጡ። ለአንድ ሰው ሁለት ጣት የምታህል ከብርጭቆው ሥር ትበቃለች። የተረፈው ለምሳ ይቀርባል፤ ያኔ በነጻነት ይጠጣል።

ጉድለት ያለበት ወይን ካጋጠማችሁ ነጥብ አትስጡት። እርጥብ ካርቶንና ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው ያበላሸው፤ ለሻጩ መልሱት። አቸቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸትም እንደዚያው የተበላሸ ነው። ባንዶልና ሻቶኔፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆዳና ሥጋ መሽተት የሙርቬድር ባሕርይ ነው፤ የፈረስ ጋጣ የሚሸት ከሆነ ግን ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ገብቶበታል። ትንሹን የሚወዱ አሉ። እኔ ፍሬውን ከሸፈነው ነጥቡን እቀንሳለሁ።

ዶሮ ወጡ ቀረ። እዚህ ላይ የነጥብ ሰንጠረዡን ዘግታችሁ አስቀምጡት፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ለምግቡ ይሄዳል ማለት አይደለም። የበርበሬን ቃጠሎ አልኮል ያባብሰዋል፤ ታኒንም ያሻክረዋል። ስለዚህ ሻቶኔፉና ባንዶሉ ከዶሮ ወጥ ጋር ይጣላሉ፤ ወጡም ወይኑም ይበላሻል። ከስድስቱ የምመርጠው ነጩን ላ ክላፕ ነው፤ በ11 ወይም በ12 ዲግሪ። ቅባቱን የሚሸከም ውፍረት አለው፣ ታኒን የለውም። ፒክ ሳን ሉውን በጥብስ ቅጠል ለተሠራ የበግ ጥብስ አቆዩት፤ ቃሪያው ግን አይብዛ። ባንዶሉን ደግሞ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝታችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስተኙት። ለዶሮ ወጥ ብቻ ብላችሁ አንድ ጠርሙስ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ታቬል ግዙ። ከሻቶኔፍ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሮን ወንዝ ማዶ ያለ መንደር ነው፤ በአፔላሲዮኑ ስም የሚሠራው ሮዜ ብቻ ነው። ቀለሙ ከፕሮቫንስ ሮዜ ይደምቃል፣ ፍሬው ይበዛል፣ በርበሬ አያስፈራውም። ቀዝቀዝ ብሎ፣ በተራ ብርጭቆ ይቅረብ።